አንቷን ዳባዲ፦ ሰዓቱን ያላመነው ቀያሽ

የአገራችንን መልክዓ ምድር በመሣሪያ ለክተው በቁጥር ካስቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች መካከል፣ ሕይወቱ ለመሐንዲስ ትምህርት በመስጠት ረገድ አንቷን ዳባዲን የሚያህል ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስሙ በታሪክና በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የብራና መጻሕፍት ስብስቡና በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለብዙ ጥናቶች መነሻ ሆነዋል። ሆኖም እኛ የምሕንድስና ባልደረቦች ከዚህ ሰው ልንማረው የሚገባን ጉዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰዓት በማይታመንበት መንገድ ላይ ዓመታት ሙሉ ሲለካ የኖረ ሰው ሥራውን እንዴት አደራጀው? ዛሬ ከየካ ተዳፋት እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ ሽቦ አልባ መለኪያዎችን ዘርግቶ ሙቀትን ወይም የዝናብን መጠን ለመመዝገብ የሚነሣ መሐንዲስ የሚገጥመው ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዳባዲ በጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በደብሊን ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የባስክ አገር ሰው ሲሆኑ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። ከእርሱ ጋር ኢትዮጵያን የዞረው ታናሽ ወንድሙ አርኖ በ1815 ተወለደ። ቤተሰቡ ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ፣ አንቷን በቱሉዝ ተምሮ በኋላ በፓሪስ የሳይንስ ትምህርቱን ቀጠለ። ወደ አፍሪካ ለመጓዝ ያሰበው ገና በወጣትነቱ ነው፤ ለዚህም ዓመታት የፈጀ ዝግጅት አደረገ።

የመጀመሪያው የመስክ ሥራው ግን በብራዚል ነበር። በ1836 ዓመት መጨረሻ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በሰጠው ተልእኮ መሠረት የመግነጢስ መርፌ በቀንና በሌሊት የሚያሳየውን ጥቃቅን ንቅናቄ ለመመዝገብ ወደ ኦሊንዳ ተሻገረ። (በመርከቡ ላይ አብሮት የተጓዘው ስደተኛ በኋላ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ተብሎ የነገሠው ሉዊ ናፖሊዮን ነበር፤ ሁለቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተዋውቀዋል።) ይህ ሥራ ለወጣቱ ጥሩ ትምህርት ቤት ሆኖለታል ለማለት ይቻላል። መርፌው ምን ያህል እንደ ዞረ ማንበብ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መቼ እንደ ዞረ አብሮ ካልተጻፈ ንባቡ ተራ ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

በ1838 ከወንድሙ ጋር ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያው ዓመትም ወደ ጎንደር ዘለቀ። አገሩን ካየ በኋላ የያዛቸው መሣሪያዎች ለታሰበው ሥራ እንደማይበቁ ስለ ተረዳ፣ አርኖን በኢትዮጵያ ትቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ የተሻሉ መሣሪያዎችንም ይዞ እንደገና መጣ። የዛሬ አንባቢ ይህን ሲያነብ ቀላል ሊመስለው ይችላል። በዚያ ዘመን ግን ከጎንደር ፓሪስ ደርሶ መመለስ ከዓመት በላይ የሚጠይቅ ነበር። መሣሪያው የማይበቃ መሆኑን አውቆ እንዲያው በግምት መቀጠል ለብዙ መንገደኞች የተለመደ ስለ ነበረ፣ ይህ ውሳኔ የሰውየውን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጽ ነው ብሎ ጸሐፊው ያምናል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደ ሆነ፣ ማለት ኬክሮሱን፣ ለማወቅ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ መለካት ይበቃል። ኮከቡ ከሁሉ በላይ ከፍ የሚልበትን ቅጽበት ጠብቆ ማንበብ ስለሚቻል የሰዓት ስሕተት ብዙ አይጎዳም። ኬንትሮስ ግን የጊዜ ልጅ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። በጎንደር ኬክሮስ ላይ የአንድ ሴኮንድ ስሕተት 450 ሜትር ያህል ርቀት ያሳስታል፤ የአንድ ደቂቃ ስሕተት 27 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ መንገደኛው የታወቀ ቦታን ጊዜ በክሮኖሜትር ተሸክሞ መዞር ነበረበት።

በባሕር ላይ ይህ ጥያቄ በመጠኑ ተፈትቶ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ሐሪሰን የሠራው ሰዓት በ1761 ተሳፍሮ ወደ ጃማይካ ባደረገው ጉዞ በ81 ቀናት ውስጥ የተገኘበት ስሕተት 5 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ለሙያው ሰው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሰዓቱ በየቀኑ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ነገር ግን መጠኑ አስቀድሞ ተለክቶ የታወቀ ስለ ሆነ በሒሳብ ተቀናሽ ሆነ፤ 5 ሴኮንድ የተባለው ከዚህ በኋላ የቀረው ነው። ትክክለኛነትና ጽናት ሁለት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚሳሳት ሰዓት በሒሳብ ይታረማል፤ ዛሬ የሚፈጥን ነገ የሚዘገይ ግን ምንም ቢወደድ አይታረምም።

የመርከብ ሰዓት በተንጠልጣይ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ የአየሩም ሙቀት ብዙ ሳይለዋወጥበት ይጓዛል። በበቅሎ ጀርባ የሚጓዝ ክሮኖሜትር ግን ከተከዜ ቆላ ሙቀት ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሰሜን ደጋ ብርድ ይገባል። ዳገቱና ቁልቁለቱ ያንገጫግጨዋል፤ በቅሎዋ ስትደነብር ደግሞ ከጭነቱ ጋር ይወድቃል። የሚዛኑ መንኰራኵርና ጥምዝ ሽቦው ለሙቀትም ለንቅናቄም ስሜታም ናቸውና፣ በከተማ የተመዘነው የቀን ስሕተቱ በመንገድ ላይ አይጸናም።

የኛ ዘመን ሰዓት መልኩ ተለወጠ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም። በአንድ ሽቦ አልባ ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ በአብዛኛው ሦስት የጊዜ ምንጮች ይገኛሉ። አንደኛው ለራዲዮው የሚያስፈልገው፣ በሴኮንድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ንዝረት ያለው የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ይህ ትክክለኛ ቢሆንም ባትሪ ስለሚበላ መሣሪያው ሲተኛ ይጠፋል። ሁለተኛው በሴኮንድ 32,768 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው፣ እንደ ሹካ ባለ ሁለት ጣት የሆነው ትንሹ ክሪስታል ነው፤ ቁጥሩ 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል በትክክል አንድ ሴኮንድ ይሰጣል። ሦስተኛው በቺፑ ውስጥ ከሬዚስተርና ከካፓሲተር የተሠራው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነው ኦሲሌተር ነው።

ትንሹ ክሪስታል በተለመደው ደረጃው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከሚሊዮን 20 እጅ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ይህም በቀን 1.7 ሴኮንድ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲርቅ፣ ወደ ብርድም ይሁን ወደ ሙቀት፣ ክሪስታሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይዘገያል፤ መዘግየቱም በርቀቱ ካሬ መጠን ያድጋል። በ20 ዲግሪ ሲርቅ ከሚሊዮን 14 እጅ ያህል፣ ማለትም በቀን 1.2 ሴኮንድ ተጨማሪ መዘግየት ይመጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በእንጦጦ ጫፍ ላይ ብርዱ ምን እንደሚመስል የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። በቀትር ደግሞ ፀሐይ የሚመታው የብረት ሣጥን ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የተሰቀለው መሣሪያና በገላጣው የተተከለው ወንድሙ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ቢወጡም፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሴኮንዶች ይለያያሉ። ርካሹ ኦሲሌተር ደግሞ በየጊዜው ከትልቁ ክሪስታል ጋር እየተመሳከረ እንኳ ከሚሊዮን 500 እጅ ያህል ሊሳሳት ስለሚችል በቀን እስከ 43 ሴኮንድ ይደርሳል፤ ካልተመሳከረ ስሕተቱ በመቶኛ ይቈጠራል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ሁለት መሣሪያዎች በየ10 ደቂቃው ነቅተው መልእክት ይለዋወጡ እንበል። እያንዳንዱ ከሚሊዮን 20 የሚሳሳት ከሆነ ልዩነታቸው እስከ 40 ስለሚደርስ፣ ተቀባዩ ከቀጠሮው 24 ሚሊሴኮንድ ቀደም ብሎ መንቃት፣ ያን ያህልም ዘግይቶ መጠበቅ አለበት። በርካሹ ኦሲሌተር ቢሠሩ ይኸው ጥበቃ በእያንዳንዱ ጎን 600 ሚሊሴኮንድ፣ ማለትም 25 እጥፍ ይሆናል። መልእክቱ ራሱ ግን ከጥቂት ሚሊሴኮንድ አይበልጥም። ባትሪውን የሚጨርሰው ሥራው ሳይሆን ጥበቃው ነው። ክሪስታሉን ለመተው የተቆጠቡት ጥቂት ሳንቲሞች ባትሪ ለመለወጥ ተራራ በመውጣት ይከፈላሉ።

ዳባዲ ለዚህ ችግር ያገኘው መልስ የተሻለ ሰዓት መፈለግ አልነበረም። ልኬቱን በተቻለ መጠን ከሰዓት ነጻ አደረገው። ይህን ዘዴውን ፈጣን የምድር ልኬት ብሎ ሊጠራው በሚቻል ስም ሰየመው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቀያሹ ከአንድ ጉብታ ላይ ቴዎዶላይቱን ተክሎ የሚታዩትን ተራሮች ሁሉ አቅጣጫ ከሰሜን መስመር ጋር ያለውን ማዕዘን እየለካ ይጽፋል። የሰሜኑን መስመር የሚያገኘው የፀሐይን ከፍታ በመለካትና በማስላት ነው፤ ኮምፓሱንም ሰዓቱንም አያምንም። የሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስ በኮከብ ከፍታ ታውቆ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው አቅጣጫ ከታወቀ፣ የኬንትሮሱ ልዩነት በሦስት ማዕዘን ሒሳብ ይወጣል። ለምሳሌ አንዱ ከሌላው በስተ ሰሜን 18 ኪሎ ሜትር ቢርቅና አቅጣጫው በትክክል ሰሜን ምሥራቅ ቢሆን፣ በስተ ምሥራቅም የሚርቀው 18 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ውስጥ ሴኮንድ የሚባል ነገር አልገባም።

ዘዴው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱ ቦታዎች በምሥራቅና በምዕራብ ትይዩ ከሆኑ የኬክሮሱ ልዩነት ወደ ምንም ስለሚጠጋ፣ ትንሿ የማዕዘን ስሕተት ሒሳቡን ታፈርሰዋለች። ስለዚህ ቀያሹ ተራሮቹን መምረጥ፣ አንዱን ጫፍ ከብዙ ጣቢያ መመልከት፣ መስመሮቹም እርስ በርስ እንዲተራረሙ ማድረግ ነበረበት። የኢትዮጵያ ደጋ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ አየሩ በበጋ ጥሩ ነው፣ አምባዎቹም ከሩቅ ይለያሉ። በእንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የዝቋላን ተራራ ያየ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ይረዳል። (ዳባዲ አገሩን ለቆ ሲሄድ አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። በየካ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሠፈርም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ጉዞ ግማሽ ምዕት ዓመት ቆይቶ በመጣው ሌጋሲዮን ነው።) በዚህ መንገድ ከ800 በላይ የሚሆኑ ነጥቦችን ቦታ ለመወሰን በቃ። ከፍታውንም ውኃ በሚፈላበት ሙቀት እየለካ አስቀመጠ።

ዛሬ በደንብ የተነደፈ ሽቦ አልባ መረብ የሚሠራው ከዚህ በማይለይ ጥበብ ነው። ሁሉንም መሣሪያ ውድ ሰዓት ከማስያዝ ይልቅ፣ ከሳተላይት ጊዜን የሚቀበል አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ ይተከላል። የቀሩት መልእክት በተለዋወጡ ቁጥር ልዩነታቸውን ይለካሉ፣ የየራሳቸውን የመዘግየት ልክም ይማራሉ። ንባቡን ሁሉ በደረሰበት ቅጽበት መመዝገብና ማረሙን ለኋላ መተው ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ነው። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ጊዜ ክሪስታሉ የሚወቀሰው ያለ ጥፋቱ ነው። 32,768 ለ1,000 ሲካፈል 32.768 ይሆናል። ፕሮግራም ጸሐፊው ይህን ወደ 33 አጠጋግቶ አንድ ሚሊሴኮንድ ካለው፣ ሰዓቱ በቀን 10 ደቂቃ ይዘገያል፤ ይህን ያህል መጥፎ ክሪስታል ገበያ ላይ አይገኝም። ዳባዲ ክበቡን በ360 ሳይሆን በ400 ክፍል፣ እያንዳንዱንም በአሥርና በመቶ ማካፈልን ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገትለት የኖረው ከእንዲህ ዓይነቱ የመለወጫ ስሕተት ለመዳን ነበር።

ወደ ሰውየው ሕይወት እንመለስ። ማዕዘን የሚለካ ባዕድ ሰው በየትም አገር ጥርጣሬን ያስነሣል። የዘመነ መሳፍንት ኢትዮጵያም ራስ አሊ በደብረ ታቦር፣ ደጃዝማች ውቤ በሰሜንና በትግራይ፣ ደጃዝማች ጎሹ በጎጃም የተፋጠጡባት አገር ነበረች። በተራራ ላይ መነጽር ተክሎ አገር የሚያይ ሰው ለማን እንደሚሰልል መጠየቁ የሚያስገርም አይደለም። ዳባዲ ይህን ያሸነፈው በትዕግሥትና በቋንቋ ነው። ከጎንደር ሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፤ ብራናዎችን ገዛ፣ አስገለበጠ፤ በ1859 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ 234 መጻሕፍት ተመዝግበዋል። እነዚያ ሊቃውንት የራሳቸው የጊዜ ልኬት ነበራቸው። ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን ይቈጥራል፤ የቀኑ ሰዓት ደግሞ ሰው ቆሞ የራሱን ጥላ በእግሩ እየሰፈረ በየወሩ ከተሠራ ሠንጠረዥ ጋር የሚያመሳክርበት ሥርዓት ነበረ። ፀሐይ ራሷ የሰዓት ምንጭ ስለ ሆነች፣ ይህ ሰዓት በመንገድ ላይ አይበላሽም።

በ1843 ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ ወረደ። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ሲያስመጡ ዳባዲ ከተላኩት ሰዎች ጋር አብሮ ሄዶ ቦንጋን አየ። በ1846 ከወንድሙ ጋር ወደዚያው አገር ተመልሶ የጊቤን ምንጭ ጎበኘ። እዚህ ላይ የሕይወቱ ትልቁ ስሕተት ይመጣል፤ የነጭ ዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ አወጀ። የጊቤ ውኃ ወደ ኦሞ እንደሚገባ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ ዓባይ እንደማይደርስ የተረጋገጠው በምዕት ዓመቱ መጨረሻ ነው። ስፒክ በ1862 ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ ካየ በኋላ የዳባዲ ሐሳብ ቆሞ ሊሄድ አልቻለም። የሚገርመው ግን ስሕተቱ ከልኬቱ አለመምጣቱ ነው። የለካቸው ነጥቦች በቦታቸው ነበሩ። የተሳሳተው ወንዙ ካየው ቦታ አልፎ ወዴት እንደሚሄድ በወሬና በግምት ሲሞላ ነው።

ይህ ስሕተት ዋጋ አስከፈለው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ከፋ አልደረሰም፣ ጉዞው ፈጠራ ነው ሲል ከሰሰው። በዚያው ዓመት የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳይ ሲሸልም፣ ቢክ ቀደም ብሎ ከማኅበሩ የተቀበለውን ሜዳይ መለሰ። የዳባዲ ክብር በሚዛን ላይ ነበር። ለመከላከያ የነበረው ነገር የመስክ መዝገቡ ነው፦ በየጣቢያው የተነበቡት ማዕዘኖች፣ ከነቀናቸውና ከነመሣሪያቸው። ፈጠራ የሆነ ማዕዘን ከሌሎች በመቶ የሚቈጠሩ መስመሮች ጋር ሲገናኝ አይዘጋም፤ ስለዚህ የሚፈርደው ሒሳቡ ነበር።

ሒሳቡ ግን ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሮዶልፍ ራዶ ከተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ የተባለው መጽሐፍ ከ1860 እስከ 1873 በክፍል በክፍል ታተመ፤ አሥር ገጽ ካርታም ተያይዞበታል። ዳባዲ የታረመውን ውጤት ብቻ አላቀረበም፤ ጥሬ ንባቡንም አብሮ አሳተመ። ማንኛውም ተጠራጣሪ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ሊሠራው ይችል ነበር። ንባቡን በመሣሪያው ውስጥ አማካይ አድርጎ ጥሬውን የሚጥል ንድፍ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥመን ላሰበ ሰው፣ ይህ የ1860ዎቹ ልማድ ገና ያልደረስንበት ይመስላል።

የቀረው ዕድሜው የሊቅና የባለጸጋ ኑሮ ነበር። በ1851 የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ወደ ስፔን ሄደ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1882 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በ72 ዓመቱ ወደ ሄይቲ የተላከውን ቡድን መራ፤ በ1892 የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። በባስክ አገር በሄንዳይ አጠገብ ከ1864 እስከ 1879 ያሠራው አባዲያ የተባለው ግንብ ግድግዳው በኢትዮጵያ ሥዕሎችና በአማርኛ ጽሑፍ ያጌጠ ነው። በውስጡም የምድርን የቱምቢ መስመር ጥቃቅን ንቅናቄ በሜርኩሪ ገበታ ነጸብራቅ የሚያሳይ መሣሪያ አቆመ። ከክፍሎቹ በአንዱ በኩል የላ ሩን ተራራ ጫፍ እንዲታይ ግድግዳዎቹን በተከታታይ አስበስቶ የብርሃንን መታጠፍ ለመለካት ሞክሮ ነበር። ነገሩ አልሠራም። ቀዳዳው ሲደፈን ምንም እንዳልታየ፣ ምንም እንዳልተማረም የሚናዘዝ ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀረጸበት። ያልተሳካ ሙከራውን በቤቱ ግድግዳ ላይ ጽፎ እንግዳ የሚያሳይ ሊቅ ብዙ አይገኝም።

በበቅሎ ጀርባ ያላገኘውን ሰዓት በመጨረሻ በዚህ ቤት አገኘው። የከዋክብትን በሰማይ መካከል ማለፍ በሴኮንድ ክፋይ የሚመዘግብ የሥነ ፈለክ ጣቢያ፣ ማንም የማያንገጫግጨው የፔንዱለም ሰዓት ያለው፣ መነጽሩም በአሥርዮሽ የተከፋፈለ። ልጅ አልነበረውም። ከማርች 19 ቀን 1897 ሞቱ በፊት ርስቱን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሰ፤ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ የሚያዝ ግዴታም አኖረበት። በእነዚያው ቀናት የፈረንሳዩ መልእክተኛ ላጋርድ በአዲስ አበባ ከአፄ ምኒልክ ጋር የወሰን ውል ይነጋገር ነበር። የአባዲያ ጣቢያ የከዋክብቱን ማለፊያ ሰዓት ሲመዘግብ እስከ 1970ዎቹ ቆየ። ዳባዲና ባለቤቱ ቪርዢኒ በዚያው ግንብ፣ በጸሎት ቤቱ መንበር ሥር ተቀብረዋል።